ጥብቅና ፈቃድ ለምትፈተኑ የጎንደር ልጆች፦ ለእኒህ ጋሼ ምስጋናም ጥቆማም

የፈተናውን ውጤት ከሰማሁ ወዲህ «እንኳን ደስ አለሽ» ያላችሁኝ ሁሉ ደስታ ከቤታችሁ አይጥፋ። «እንዴት አድርገሽ አለፍሽው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ግን በዛችሁብኝ። ለየአንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ጎንደር ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ አሉ፤ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን እቤታቸው ያስጠናሉ። ምስጋናዬ ለእሳቸው ነው፤ ጥቆማዬም እሳቸው ጋ ሂዱ ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል። «ስሜ በችሎት ሲጠራ ኖሯል፣ ይበቃዋል» ነው ያሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ፤ የምትፈልጓቸው ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ የኔን ሁኔታ ልንገራችሁ፣ የናንተ ከሱ ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል እንድታዩት። ማራኪ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሕግ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኜ ነው የቆየሁት። ሥራዬ የውል ረቂቅ ማየት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሠራተኛ ክርክር ላይ መቅረብ ነበር። የወንጀል ሕጉን ገልጬ የማይበት ምክንያት አልነበረኝም። እቤት ሁለት ልጆች አሉ፣ መብራት ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ የክልሉን የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ልፈተን ስል ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለውን አይታችሁ ቢሆን ታዝኑልኝ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጽ ነው፣ የወንጀል ሕጉ 865። ሁለቱን የሥነ ሥርዓት ሕጎች (የፍትሐ ብሔሩንና የወንጀሉን)፣ የንግድ ሕጉን፣ የቤተሰብ ሕጉን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ጨምሩበት። የሰበር ቅጾቹ፣ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የሚታተሙባቸው መጻሕፍት ማለቴ ነው፣ ደግሞ ማለቂያ የላቸውም። ከሥራ ተመልሶ ይህን ሁሉ በቃል እይዛለሁ የሚል ሰው ካለ ጤናውን ይስጠው።

ጋሼ ጋ የመራችኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ ከኔ በፊት እሳቸው ጋ አጥንታ አልፋለች። ሳሎናቸው ውስጥ አራት አምስት ሆነን እንቀመጣለን። እሳቸው መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር አይነሡም፤ ጭናቸው ላይ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ገለጻ አይሰጡም፤ ኖት የሚባል ነገርም የለም። ጉዳይ ይሰጣሉ፣ እዚያው ጽፈን እንመልሳለን፣ ከዚያ የእያንዳንዳችንን ጮክ ብለው ያነቡታል። ድምፃቸው ውስጥ ያኔ የችሎቱ ነገር ይመጣል፤ የራስን ጽሑፍ በዚያ ድምፅ መስማት ያስደነግጣል።

አንዱን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ አሠራራቸው ይግባችሁ። አንድ ሰው አዘዞ ያለውን ቤት ይሸጣል። ውሉ በወረቀት ተጽፏል፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፣ ውልና ማስረጃ ግን አልሄዱም። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ገብቶ መኖር ይጀምራል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ሻጩ ያርፋል። ወራሾቹ «ውሉ በሕግ ፊት የጸና አይደለም፣ ቤቱን ያስረክበን» ብለው ይከሳሉ። ገዢው እናንተ ጋ መጣ፤ ጻፉ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ሮጥን፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል፣ ስለዚህ ገዢው ተሸነፈ ብለን ዘጋነው። ጋሼ የኔን አነበቡና ቀና ብለው፦ «1723ን የወራሾቹ ጠበቃም ያውቀዋል። አንቺን ለሱ ነው እንዴ የቀጠሩሽ?» አሉኝ። ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጉዳዩን አንድ በአንድ ፈቱት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 አንቀጹን ጠበቅ አድርጎ ተርጉሞታል። በኋላ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ሻጩ ሽያጩን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን አያፈርሰውም ወደሚል ሄዷል። እንግዲያው መጀመሪያ የምትጠይቁት ወራሾቹ ሽያጭ መኖሩን ክደዋል ወይስ አምነው ፎርሙን (አለመመዝገቡን) ብቻ ነው የሚያነሱት የሚለውን ነው። ቀጥሎ ይርጋ አለ ወይ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ወይ? ካለ መቼ ይነሳል? በአንቀጽ 1856 መሠረት ተከራካሪው ይርጋን ካላነሳው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ 244 ደግሞ ይርጋ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው፣ ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ የሚነሳ፤ በመጀመሪያው አጋጣሚ ያላቀረበው ሰው እንደተወው ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ ማናችንም ያልጻፍነው፦ ውሉ ፈርሷል ቢባልስ? 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል። የከፈለው ገንዘብ የት ሊቀር ነው? ይህንን በአማራጭ ያልጠየቀ ጠበቃ ደንበኛውን መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። «ምን ተጻፈ አይዶለም፣ ምን ተጠየቅሁ በይ» ይሉኝ ነበር ሁልጊዜ። ፈተና ክፍል ገብቼ ወረቀቱን ስገልጥ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ያቃጨለችው ይቺ ናት።

አንቀጽ አታጥኑ ማለታቸው እንዳይመስላችሁ። የሚያስጠኗቸው አሉ፣ ያውም ያለ ምሕረት። የጊዜ ገደብ ያለባቸውን በሙሉ በቃል ያስይዛሉ፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት 2143 ሁለት ዓመት፣ የውል ይርጋ 1845 አሥር ዓመት፣ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን፣ በወንጀል የተያዘ ሰው 48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት የሕገ መንግሥቱ 19። ሌላው ግን የት እንዳለ ማወቅ ይበቃል ባይ ናቸው። የወንጀል ጉዳይ ሲሰጡ ከአንቀጽ 23 ሳይነሱ ወደ ልዩ ክፍሉ፣ እያንዳንዱ ወንጀል ወደተዘረዘረበት፣ የዘለለን ሰው ይመልሱታል፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ (የሕጉ ክልከላ፣ ድርጊቱና የአድራጊው ሐሳብ) ሳይሟሉ ስለ ቅጣት ማውራት የለም። ጽሑፋችንን ደግሞ ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው የሚያዩት። «በመሆኑም» በአንድ ገጽ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ ከገባ በእርሳስ ይከቡታል። «የሚያነብሽ ሰው ደክሞታል» ይላሉ፤ ጭብጡን መጀመሪያ ላይ፣ ሕጉን ቀጥሎ፣ ከፍሬ ነገሩ ጋር አገናኝተሽ፣ ከዚያ ዝጊው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የቱ ሕግ ሥራ ላይ እንዳለ የሚያጣሩበት ነገር ነው። አንድ ባልደረባችን በቴሌግራም ከሚሸጡት የጥያቄ ፋይሎች አንዱን ገዝቶ ይዞ መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ትንሽ አገላበጡና መለሱለት፤ ስለ ማኅበራት የሚጠይቀው በሙሉ ከተሻረው ሕግ ነው የተወሰደው። የንግድ ሕጉ በአዋጅ 1243/2013 ተለውጧል፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተለወጡት ግን አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው መጽሐፍ ናቸው፤ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ እንዲሁም እንደ ቼክ ያሉ የሚተላለፉ ሰነዶች ጉዳይ ዛሬም የ1952ቱ ላይ ነው። ሁለቱንም ካልያዛችሁ ግማሽ ሕግ ነው የያዛችሁት። የግልግል ዳኝነት ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጥቶ አዋጅ 1237/2013 ሄዷል። የሙስና ወንጀሎች ከወንጀል ሕጉ ወጥተው አዋጅ 881/2007 ውስጥ ናቸው። የአዲስ አበባ ጓደኞቻችሁ የሚልኩላችሁ ማስታወሻ በቤተሰብ ጉዳይ 213/1992ን ይጠቅሳል፤ እኛ ክልል ግን የራሳችን 79/1995 አለ፣ የገጠር መሬቱም 252/2009 ነው። ለፌዴራሉ ፈቃድ የሚዘጋጅ ልጅም አብሮን ነበር፤ ለእሱ የፌዴራሉን የጥብቅና አዋጅ 1249/2013ን ለብቻው አስጠንተውታል፣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደውን ማለቴ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ማራኪ አካባቢ ያለችውን የኮፒ ቤት እህታችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። የሞባይል ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ አዋጆቹን ከኮምፒውተሯ እየፈለገች፣ መብራት በመጣ ሰዓት እያተመች፣ በስፓይራል ጠርዛ ያቆየችልን እሷ ናት። ደመወዝ እስኪወጣ «ኋላ ትከፍሉኛላችሁ» ማለቷም አይረሳኝ። እንጀራሽ ይባረክ።

ስለ ሥነ ምግባር የሚሰጡት ክፍል አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚዘለው እሱን ነውና አትዝለሉት። የጥቅም ግጭት፣ የደንበኛ ምስጢር፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ለይቶ መያዝ፤ ሁሉንም በጉዳይ ነው የሚያስጠኑት። የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ማለቱን ሲነግሩን አንዱ ልጅ «ማን ይቆጥረዋል ጋሼ?» አለ። የመለሱለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጁ ግን ያን ቀን ሻይ ሳይጠጣ ነው የሄደው።

አሁን ለማን እንደማይሆኑ ልንገራችሁ፣ ሄዳችሁ እንዳታዝኑብኝ። «ያለፈው ዓመት ጥያቄ አለዎት?» የሚል ሰው በሩን መልሶ ይዝጋ፤ ይቆጣሉ፣ ሲቆጡም ለጎረቤት ይሰማል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ለሚፈተኑ ልጆችም ብዙም አልመክርም። ያ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው የሚያስተምሩት በአማርኛ ነው፤ አስተሳሰቡ ይጠቅማችሁ ይሆናል፣ ቃላቱን ግን ሌላ ቦታ መፈለጋችሁ አይቀርም። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚመጣን ሰውም አይቀበሉም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስለ ታክስና ስለ ባንክ ሕግ ሲጠየቁ ያን ያህል አይደሉም፤ ራሳቸውም «እሱን ከኔ አትማሪ» ብለው ሌላ ሰው ይጠቁማሉ። ይሄኛው ጠባያቸው ነው እኔን የበለጠ ያሳመነኝ።

ክፍያ ይቀበላሉ፣ ግን ሥራ ካለው ሰው ብቻ። ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ከሆናችሁ ጉዳይ ጽፋችሁ በሰዓቱ መገኘታችሁ ነው ክፍያው፤ የቀረ ሰው ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የመጀመሪያ ቀን ስትሄዱ በእጃችሁ የጻፋችሁትን አንድ የክስ ማመልከቻ ወይም መልስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከእሱ ነው ደረጃችሁን የሚያዩት። በኮምፒውተር የተጻፈ አይቀበሉም። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቡና ሳያጠጡ አይለቋችሁም፤ «አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ» የሚባል ነገር እዚያ ቤት አይሠራም።

ጥናቱ ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 ሰዓት በኋላና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። በጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 10 እና 11 አካባቢ፣ ባትደውሉ ይሻላል፤ ቤታቸው ከየአገሩ በሚመጣ እንግዳ ይሞላል፣ ያቺ መስኮት ሥር ያለችው ወንበር እንኳ አትገኝም።