የካልጋሪ የኮንዶ ሰነድ ምርመራ፦ የተከፈለበትን ያወጣል?

ካልጋሪ (ካናዳ፣ አልበርታ) ውስጥ ኮንዶ ሊገዛ ኮንትራት የፈረመ ሰው፣ ኮንትራቱን ያሰረባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች የሚያነሳበት ቀን ሳይደርስ ሪልተሩ (የቤት ደላላው) «ሰነዱን የሚያነብልህ ሰው ፈልግ» ይለዋል። አገልግሎቱ ይኸው ነው፦ የሕንፃውን ወረቀት ሰብስበው ያነባሉ፣ ሪፖርት ጽፈው ይልካሉ፣ ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላሉ። ፍርዱን አስቀድመን እናስቀምጥ። ከ2014 በፊት ለተሠራ ሕንፃ ገንዘቡን ያወጣል። የተለመደውን ጥቅል ብቻ ካዘዛችሁ ግን ሕንፃው ከነዳጁ ክፉ ዘመን የወረሰውን ዕዳ ሳታዩት ታልፋላችሁ።

ካልጋሪ በነዳጅ የምትኖር ከተማ ናት። በጁን 2014 ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2016 ከ30 በታች ወረደ። በ2016 መጨረሻ የካልጋሪ ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ አለፈ። በኦክቶበር 2014 ከኪራይ አፓርታማዎች ባዶ የነበሩት 1.4 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ 7 በመቶ ደረሱ። ግቢ ያለው ቤት ብዙም አልተጎዳም፤ ዱላው ያረፈው ኮንዶ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፎቅ በደጉ ጊዜ ይጀመርና በክፉው ጊዜ ያልቃል። ገዢ በጠፋበት ሰዓት አዳዲስ ሕንፃዎች ቁልፍ ማስረከብ ጀመሩ። የኮንዶ ዋጋ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስምንት ዓመት ግድም ፈጀበት።

ዋጋው ተመልሷል። ቦይለሩ (የሕንፃው ማሞቂያ) ግን በእነዚያ ዓመታት መቀየር ሲገባው ያልተቀየረው ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲባል ዕጣና ቁጠባ ትዝ ይለናል፤ እዚህ ግን ኮንዶ ማለት ጣሪያውን፣ ሊፍቱንና ፓርኪንጉን ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር በጋራ መያዝ ነው። ሥራ ያጣ ጎረቤት ወርኃዊውን የጋራ መዋጮ፣ ኮንዶ ፊውን፣ ያቆማል። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ቦርድ አባላትም እዚያው የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ከሥራ የተቀነሱ ሰዎች ናቸው፤ መዋጮ ጨምሩ ለማለት አፋቸው አይደፍርም።

ይህ የሚታየው በመጠባበቂያ ፈንድ ጥናቱ፣ ማለትም ለወደፊት ትልልቅ ጥገና ስንት ይጠራቀም በሚለው ሰነድ፣ ውስጥ ነው። በአልበርታ ሕግ ጥናቱ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። አጥኚው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የመዋጮ አማራጭ ያቀርባል፤ ቦርዱ አንዱን መርጦ ዕቅድ ያጸድቃል። የጥናቱንና የጸደቀውን ዕቅድ ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ጥናቱ በዓመት 180,000 ዶላር ይግባ ብሎ ቦርዱ 110,000 አጽድቆ ከሆነ፣ በ5 ዓመት 350,000 ጎድሏል ማለት ነው። የእናንተ ድርሻ የሚሰላው በዩኒት ፋክተር፣ ለእያንዳንዱ ቤት በተሰጠው የድርሻ ቁጥር፣ ነው፤ የሕንፃው ድምር ሁልጊዜ 10,000 ነው። ፋክተራችሁ 90 ከሆነ 350,000 በ90 ተባዝቶ ለ10,000 ሲካፈል 3,150 ዶላር ይመጣል። ያ ገንዘብ አንድ ቀን ልዩ መዋጮ (ከወርኃዊው በላይ በአንዴ የሚጠየቅ ክፍያ) ሆኖ በራችሁን ያንኳኳል። «ኮንዶ ፊው ርካሽ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ሥሩ።

መርማሪዎቹ ጎበዝ የሚሆኑት እንዲህ ባለው ስሌት፣ በመተዳደሪያ ደንቡና በኢንሹራንሱ ላይ ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ከእናንተ ቤት የተነሳ ውኃ ሕንፃውን ቢጎዳ፣ የሕንፃውን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከሕንፃው ኪስ የሚወጣውን) እስከ 50,000 ዶላር ድረስ እናንተን ማስከፈል ይቻላል። ጥሩ ሪፖርት ይህን ቁጥር ከኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱ አውጥቶ የግል ፖሊሲያችሁ ሊሸፍነው የሚገባውን መጠን ይነግራችኋል። የ1970ዎቹ መጨረሻና የ80ዎቹ መጀመሪያ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ በኮንክሪቱ ውስጥ የተወጠረ የብረት ኬብል መኖሩን፣ መቼ እንደተፈተሸም ያያሉ። ኬብሉ ውኃ ካገኘው ይዝጋል፤ ጥገናውም ኪስ ያራቁታል።

ድክመቱ እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ጥቅል የሚያነበው የቅርብ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት። ከ2015 እስከ 2020 ያለውን ቃለ ጉባኤ እና የቀድሞውን የፈንድ ጥናት ለይታችሁ ጠይቁ፤ አሮጌው ከሌለ አዲሱን ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? ቃለ ጉባኤው ውስጥ «ዲፈርድ» እና «ቴብልድ» (ሁለቱም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ማለት ናቸው) የሚሉትን ቃላት ተከተሉ። የበረንዳ ውኃ መከላከያ በ2016 ተላልፎ፣ በ2017 ተላልፎ፣ በ2019 «ጊዜያዊ ጥገና ተደረገ» ከተባለ ታሪኩ ግልጽ ነው። ከሒሳብ መግለጫው ደግሞ የባለቤቶችን ውዝፍ ፈልጉ። ሕንፃው በወር 50,000 ዶላር መዋጮ ሰብስቦ ውዝፉ 60,000 ከሆነ፣ ከአንድ ወር በላይ ገቢ ውጭ ቀርቷል፤ ለእኛ ይህ ቀይ መብራት ነው። በመቀዛቀዙ ጊዜ አልሸጥ ብለውት አልሚው (ሕንፃውን ያሠራው ድርጅት) ያከራያቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑም ጠይቁ፤ ብዙ ድምፅ በአንድ እጅ ካለ ቦርዱን የሚመርጠው እሱ ነው።

ሪፖርቱ ሲደርሳችሁ ከማጠቃለያው አትጀምሩ። «አልቀረበም» የሚለውን ዝርዝር አስቀድሙ። መርማሪው ያላየውን አይፈርድበትም፣ ሕንፃውም ውስጥ አይገባም፤ ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም የሚለውም የሱ ሥራ አይደለም።

ዳውን ፔይመንቱን (ቅድመ ክፍያውን) በዕቁብ አጠራቅሞ በ5 በመቶ ለሚገባ ሰው ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። በአልበርታ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍሎ የገባ ግለሰብ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) መክፈል ቢያቅተው፣ በመደበኛው ብድር አበዳሪው ከቤቱ አልፎ ኪሱ ውስጥ አይገባም። ኢንሹራንስ ያለው ብድር ላይ ግን፣ በ5 በመቶ የተገባበት እንዲህ ነው፣ ቤቱ ተሸጦ የጎደለውን በክስ ሊጠይቅ ይችላል። ነዳጅ ወድቆ ሥራ ከጠፋና በዚያው ወር ልዩ መዋጮ ከመጣ፣ በርካሽ ሸጦ መውጣትም አይቻልም።

ዕድሜው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ሕንፃ ከሆነ ሙሉውን ምርመራ ተዉት፤ የሚነበብ ታሪክ የለውም። ለእሱ የሚጠቅመው የዋስትናው ወረቀት ነው፦ ለሥራ ጥራት 1 ዓመት፣ ለቧንቧና ኤሌክትሪክ መሰል መስመሮች 2፣ ለውጭ ግድግዳና ጣሪያ 5፣ ለሕንፃው አጽም 10።

የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቀኑ ነው። ሕጉ ለሕንፃው ማኅበር ሰነድ የሚሰጥበት 10 ቀን ይፈቅድለታል፤ ቅድመ ሁኔታችሁ በ10ኛው ቀን የሚያልቅ ከሆነ መርማሪው የሚያነበው በአንድ ሌሊት ነው። ኮንትራቱ ላይ ቢያንስ 15 ቀን አስገቡ፤ ሰነዱንም በፈረማችሁበት ቀን እዘዙ። ካልጣማችሁ ቅድመ ሁኔታውን በጽሑፍ አታንሱ፤ ቀኑ ሲያልፍ ኮንትራቱ ያበቃል፣ ቀብዱም ይመለሳል።