ለአሮጌ ቢኤም የትኛው ጎማ? ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የተፈተነ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ ቢኤም ገዝታችሁ በሰሜን ሸዋ መንገድ የምትነዱ ከሆነ ባለ 17 ኢንች ቸርኬውን አውልቁት። ራንፍላት የሚባለውን፣ ነፋሱ ቢወጣም የሚሄደውንም ጎማ ተሰናበቱት። በምትኩ 205/55 አር 16 የሆነ ተራ ጎማ ግዙ (205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 የቸርኬው ኢንች ነው)። በቅርብ የተመረተ ይሁን። አራት ሳይሆን አምስት ይሁን፤ አምስተኛው ለስኮርታ። መኪናው ከግርማው ትንሽ ይቀነስበታል፤ ወገባችሁ ግን ያርፋል።

የኔዋ 320 አይ ናት። የ2008 ሞዴል፣ ኢ90 የሚባለው ቅርጽ። የገዛኋት ወደ ውጭ ለመሄድ ከተቻኮለ አዲስ አበቤ ነው። ሞተሯ ደህና ነው፣ ካምቢዮዋም ደህና ነው። የቆዳ ወንበሯን ያየ ሁሉ «አንቺ፣ ባለሀብት ሆንሽ እንዴ?» ይለኛል። ሥራዬ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ሸዋ ሮቢት። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔ የሚያልፈው ጣርማ በርን በመውጣትና በመውረድ ነው። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ትነሳላችሁ። በጉሙ መሀል በጣሊያን ዋሻ ታልፋላችሁ። ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዳችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ሸዋ ሮቢት ትገባላችሁ። ጠዋት በጋቢ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ማራገቢያ ይፈልጋል። ጎማ ማለት እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚታየው።

መኪናዋ ተጫምታ የመጣችው 225/45 አር 17 ራንፍላት ነበር። ጥርሱ ገና ነው፤ ለዓይንም ያምራል። ጎኑን በባትሪ ሳየው ግን ቀጫጭን ስንጥቅ ሞልቶታል። የምርት ቁጥሩ 3114 ይላል።

ይህን ቁጥር ማንበብ ከጎማው ስም በላይ ይጠቅማችኋል። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) የሚል ጽሑፍ አለ። ከእሱ የሚከተለውን ጨርሱት፤ መጨረሻው አራት አሃዝ ነው። በአንደኛው ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ካጣችሁት ጎማውን ገልብጡት። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3114 ማለት በ2014 31ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ታዲያ። በእኛ ሐምሌ 2006 መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ 4017 የሚል ጎማ አየሁ። ሻጩ ቁጥሩን በጣቱ እየነካ «እህቴ፣ ይኸው የ17 ነው፣ ገና ከኮንቴይነር የወረደ» አለኝ። እውነት ነው፣ 17 ይላል። ግን የእኛ 2017 አይደለም። ጎማው የተሠራው መስከረም 2010 ላይ ነው። ሰውዬው አውቆ ይሁን ሳያውቅ ለእሱ ልተወው። እኔ «ይሄ እኮ የፈረንጅ 17 ነው» ስለው ዋጋውን ለመቀነስ አልዘገየም። አልገዛሁትም። ቢኤም ራሱ ጎማ ቢበዛ በስድስት ዓመት ይቀየር ይላል። ሚሽለን ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ፣ አስር ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ዓመት የቆጠረ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ጥቁረቱ አያታላችሁ።

ወደ ራንፍላቱ ልመለስ። ቢኤም ይህን መኪና ከራንፍላት ጋር ሲያወጣ ስኮርታ አላስቀመጠለትም። የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ምንጣፉን ብታነሱ የስኮርታ ቦታ የለም። ክሪክ የለም። የብሎን መፍቻ የለም። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የራንፍላት ጎን በወፍራም ላስቲክ የተጠናከረ ስለሆነ ነፋሱ ቢወጣም መኪናውን ተሸክሞ ይሄዳል። አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ፍጥነት ሳታልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳችኋል ይላሉ። ጀርመን ውስጥ በዚያ ርቀት ምትክ ጎማ ያለው ጋራዥ አይጠፋም። እኛ ጋ ግን ከደረሳችሁ በኋላስ? ባዶውን የተነዳ ራንፍላት ውስጡ ስለሚጎዳ ብዙ ጊዜ አይጠገንም፤ ይጣላል። ምትኩን ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ደግሞ ጎማ የሚያወልቀው በብረትና በጉልበት ነው። ያን ደረቅ ጎን ሲታገል ቸርኬውን ይፈቀፍቀዋል።

ሌላው ጣጣ ድርቀቱ ነው። ጎኑ አጭር፣ ላስቲኩ ግትር፤ ጉድጓድ ሲያገኛችሁ ምቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ወይ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይ ጎማው ጎን ላይ እብጠት ያወጣል። እብጠት ካያችሁ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። አይለጠፍም፣ አይጠገንም። የኔ መኪና ከአራቱ ቸርኬ አንዱ ተጣሞ ነው የመጣው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ መውጫ ያሉት ሽማግሌ ጎሚስታ ጎማውን በቡጢ መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ይኼ እኮ እንጨት ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። «ወደ 16 ውረጂ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። ትክክል ናቸው። የ225/45 አር 17 ጠቅላላ ቁመት 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ205/55 አር 16 ደግሞ 632። ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም። ለውጡ ጎኑ ላይ ነው፦ 101 የነበረው 113 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ላስቲክ ተጨመረላችሁ ማለት ነው። ፋብሪካውም 320 አይን በዚህ ልክ ይሸጥ ነበር። የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። 335 አይ ያላችሁ ግን ይህ ምክር አይመለከታችሁም። የእሱ የፊት ፍሬን ትልቅ ስለሆነ 16 አይገባበትም።

ባለ 16 ቸርኬውን ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ነው። «ይገባል» የሚለውን ቃል እዚያ ሁሉም ሰው ይለዋል። የኢ90 አምስት ብሎን ነው፤ የብሎኖቹ ክብ 120 ሚሊ ሜትር፣ የመሀሉ ቀዳዳ 72.6። የብዙ ቶዮታዎች 114.3 ነው፤ በዓይን ይመሳሰላል፣ አይገባም። እኔ ሜትርና ካሊፐር ይዤ ስሄድ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ቸርኬ ስትገዙ ባላንስ ማሽን ላይ አስዙራችሁ ጠርዙን እዩ። የተጣመመ ከሆነ ሲዞር ይወዛወዛል። በመዶሻ የተቃና ቸርኬም አለ፤ ከውስጥ በኩል ቀለሙ አዲስ ከሆነ ጠርጥሩ።

ከዚያ የጎማው ምርጫ። 205/55 አር 16 በጣም የተለመደ ልክ ስለሆነ እንደ ልብ ይገኛል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኼ ነው። የቻይናውም፣ የኮሪያውም፣ የጃፓኑም፣ የአውሮፓውም አለ። የቻይና ጎማ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ግን ይህ መኪና ፈጣንና ከባድ ነው፣ የኋላ እግሩም ነው የሚገፋው። በዚህ ላይ የጣርማ በር ዝናብ አለ። ርጥብ መንገድ ላይ የሚይዝ ጎማ ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ ትራክሽን ከሚለው አጠገብ ያለውን ፊደል እዩ፤ ድርብ ኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ደግሞ ዕድሜን ይጠቁማል፤ ሲበዛ ቶሎ አያልቅም። ይሁንና ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ 400 ከሌላው 400 ጋር እኩል አታድርጉት። ከልኩ ቀጥሎ 91 ቪ የሚል ፈልጉ። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ቪ ማለት እስከ 240 ፍጥነት ይችላል። 240ውን ማን ይነዳዋል አትበሉ። ፍጥነቱን የቻለ ጎማ ሙቀትንም ይችላል።

እኔ የገዛሁት ሃንኩክ ኪነርጂ ኢኮ 2 ነው። ኩባንያው የኮሪያ ነው፤ የኔዎቹ ግን ሃንጋሪ የተሠሩ ናቸው። ሚሽለኑ አማረኝ፣ ዋጋው ግን አምስተኛውን ጎማ ያስቀርብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስኮርታ የሌለው ሚሽለን ከምነዳ ስኮርታ ያለው ሃንኩክ ይሻለኛል።

አንድ ነገር ብዙ አሰብኩበት። ይህ ጎማ ለሞቃት አየር የሚሠራው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል ይባላል፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለአራቱም ወቅት የሚሆን የሚሉት ጎማ አለ። እሱ ለስላሳ ስለሆነ በሸዋ ሮቢት አስፋልት ቶሎ ያልቃል ብዬ ተውኩት። አስፋልታችን ላይ በረዶ አይጋገርም። ማለዳ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብሎ መንዳት በቂ ነው። ከደብረ ብርሃን የማይወርድ ሰው ግን ሌላውን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ያው ብርድና ሙቀት ከነፋሱም ጋር ይጫወታል። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ጎማው 1.5 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጎድላል። ከፍታ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ስትወጡ የውጩ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ያነባል። ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ሞልታችሁ በማግስቱ ማለዳ ደብረ ብርሃን ብትለኩ ብርዱ ያሸንፋል፤ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። በመንገድ የጋለውን ጎማ ለክታችሁ ከሞላችሁትማ ሲበርድ ይብሱን ይጎድላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ እለካለሁ። የኋላዎቹን ዕቃ ስጭን ከፍ አደርጋለሁ፤ እሱም ያው በር ላይ ተጽፏል።

የሽማግሌው ቤት አገልግሎት ጥሩ ነው። ባላንስ ማሽናቸው ይሠራል፤ እርሳሱንም ከውስጥ በኩል ነው የሚለጥፉት፣ ቸርኬው አይበላሽም። ረዳታቸው ግን ብሎኑን በነፋስ መፍቻ እስከ ጥግ ሊያጠብቀው ሲል አስቆምኩት። የዚህ መኪና ብሎን የማጥበቂያ ልክ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ መንገድ ላይ በእጅ መፍታት አይቻልም። ጋሼ «እሷ እንዳለችው አድርግ» ብለውት በመለኪያው ቁልፍ ጨረሰው። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚያስተካክለው) የላቸውም፤ ለእሱ አዲስ አበባ ወርጃለሁ። መኪናችሁ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቫልቩ ላይ ነፋሱን የሚለካ ሴንሰር ስላለ ከማውለቃቸው በፊት ንገሯቸው። የአውሮፓው ሴንሰር የለውም፤ የነፋሱን መጉደል የጎማዎቹን አሽከርክሪት እያነጻጸረ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ጎማ በቀየራችሁና ነፋስ በሞላችሁ ቁጥር መቆጣጠሪያውን እንደ አዲስ ማስጀመር አትርሱ።

ከነዳኋት በኋላ ያየሁት ይህ ነው። ድምፁ ቀንሷል፤ ከእናቴ ጋር ሳንጮህ እናወራለን። ጉድጓድ ስትገባ «ጓ» የሚለው ቀርቶ «ዱብ» ሆኗል። በዝናብ ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ማርሽ ቀንሼ ፍሬን ስነካ አትንሸራተትም። መሪው ግን እንደ ድሮው ስል አይደለም። በፍጥነት መታጠፊያ ስትገቡ ጎኑ ትንሽ ይለጠጣል። ቢኤም የገዛሁት ለመታጠፊያው ነው የሚል ሰው ይከፋዋል። ቸርኬዋም አነሰች፤ የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ ታክሲ አስመሰልሻት» አለኝ።

ስኮርታው ቦታ ስለሌለው ኮፈኑ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሚሄደው፤ በማሰሪያ አስሬዋለሁ። ከጎኑ ክሪክና ባለ 17 ቁጥር የብሎን መፍቻ አለ። ከሸዋ ሮቢት የማመጣው ማሾና ሽንኩርት አሁን የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚህ እናቴ አልተደሰተችም፤ ሽንኩርት ባነሰ ቁጥር ጎማውን ነው የምትረግመው።

ጎሚስታው ጋ የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ ሂዱ። የደሴ መስመር ከባድ መኪኖች ከተሰለፉ ወረፋው አይደርሳችሁም። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ የቀደመ ይስተናገዳል። ባለ 17ቱ ቸርኬዎች ሦስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ይሸጣሉ።