መግቢያው የሰፋ የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ማጣሪያ በገጠመበት ሳምንት ግፊቱን (በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን የጭስ ግፊት ልዩነት) ለክቶ የሚፈርድ ሰው ማማረሩ አይቀርም። ጥቅሙ ያን ጊዜ አይታይምና። እኔ የምጽፈው ከወራት በኋላ ነው፤ መኪናዬ ባለ ሁለት ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት፣ ጭነት የሚበዛባትና አብዛኛውን ጊዜ ረጅም መንገድ የምትሄድ ናት።

አሮጌውን ያስለወጠኝ አመድ ነው። ጥላሸትና አመድ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ እሰማለሁ፤ አንድ አይደሉም። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ይቃጠላል፦ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በኦክስጅን፣ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደግሞ ከማጣሪያው በፊት ያለው ካታሊስት (የጭሱን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥነው ክፍል) በሚያመርተው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ። አመድ ግን በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት የካልሲየም፣ የዚንክና የማግኒዚየም ውህዶች የሚቀር ነው፤ አይቃጠልም። ማጣሪያው ተፈትቶ ካልጸዳ እዚያው እንደተከማቸ ይኖራል። ስለዚህ አሮጌው ማጣሪያ ጥላሸቱን አቃጥሎ በጨረሰ ማግስት እንኳ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ሲሽከረከር የግፊቱ ንባብ ከ90 ሚሊባር አልወርድ ብሎ ነበር። መለኪያቸው በኪሎፓስካል የሚያሳይ ሰዎች ለ10 ያካፍሉት።

ይህ ግፊት ከንባብ ያለፈ ጣጣ አለው። ፒስተኑ ጭሱን ገፍቶ ለማስወጣት ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፤ ያልወጣው ጭስ ለአዲሱ አየር የሚገባውን ቦታ ይይዛል፤ በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ተርቦም በፊቱና በኋላው ያለው የግፊት ልዩነት ስለሚጠብበት ዘግይቶ ይነሳል። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀነስ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

አዲሱ ከሲሊከን ካርባይድ፣ ማለትም ሙቀት ከሚችል ሴራሚክ፣ የተሠራ ነው። በሁሉም የዚህ ዓይነት ማጣሪያዎች ጎን ለጎን የተደረደሩት ቦዮች አንዱ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ ተደፍነዋል፤ ጭሱ ለመውጣት ያለው አማራጭ ግድግዳውን ሰርጎ ማለፍ ብቻ ነው። በተለመደው ማጣሪያ መግቢያና መውጫ ቦዮች እኩል ናቸው። በዚህኛው መግቢያዎቹ ባለ ስምንት ማዕዘንና ሰፊ፣ መውጫዎቹ ባለ አራት ማዕዘንና ጠባብ ሆነዋል። የውጪ መጠኑ ሳይጨምር ለጥላሸትና ለአመድ የሚሆነው ቦታ ይሰፋል ማለት ነው። ዋጋውን ደግሞ መውጫው ይከፍላል፦ ጭሱ በጠባብ ቦይ ሲሮጥ ሰበቃው ስለሚበዛ፣ ንጹሕ ሳለ ግፊቱ ከተለመደው ትንሽ ከፍ ይላል።

ያንኑ ሞተር የያዘ ወዳጄ በተመሳሳይ ወቅት የተለመደውን ዓይነት ስላስገጠመ ለማነጻጸር ተመችቶኛል። መጀመሪያ ላይ የእሱ ንባብ ከእኔ በጥቂት ሚሊባር ያንስ ነበር፤ አሹፎብኛልም። ጥላሸት ሲጠራቀም ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወደ ማቃጠያው ሰዓት ሲቃረብ የእሱ ሽቅብ ሲወጣ የእኔ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ላይ ልዩነቱ በእግር ይታወቃል። የአመዱን ጥቅም በተመለከተ ወራት አይበቁም፤ እሱ በብዙ አስር ሺህ ኪሎሜትር የሚለካ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእያንዳንዱ ማቃጠል በኋላ ግፊቱ በፍጥነት ይዘል ነበር፤ በኋላ ረጋ አለ። አዲስ ግድግዳ ላይ ጥላሸቱ የቀዳዳዎቹ ውስጥ ድረስ ስለሚገባ ነው። ስስ የአመድ ሽፋን ሲፈጠር ጥላሸቱን ከላይ ያስቀረዋል። ሲበዛ የሚገድለው አመድ፣ በጥቂቱ ይረዳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ማቃጠሉ ይራራቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እምብዛም አልተራራቀም። የሞተሩ ኮምፒውተር የጥላሸቱን መጠን የሚገምተው በግፊቱ ብቻ ሳይሆን በተነዳው መንገድና በሞተሩ አሠራር ጭምር ነው፤ ስሌቱም ለቀድሞው ማጣሪያ የተዘጋጀ ነው። ጭሱን ለማሞቅ በየማቃጠሉ የሚረጨው ትርፍ ናፍጣም በከፊል ወደ ሞተር ዘይቱ መውረዱን አልተወም፤ ዘንጉን እየመዘዝኩ የዘይቱን ልክ ማየት ልማዴ ሆኗል። ማጣሪያው ሲለወጥ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የአመድ ቆጠራ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ደግሞ ኮምፒውተሩ ንጹሑን እንደ ሙሉ ይቆጥራል፤ ከገጣሚው ጋር ይህን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሻጮች የሚያወሩለትን የነዳጅ ቁጠባ ከተዘጋ ማጣሪያ ጋር ሲነጻጸር አያለሁ፤ ከንጹሕ የተለመደ ማጣሪያ ጋር ሲሆን ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም። የአመዱን ፍጥነት የሚወስነው ዘይቱ ነው። በኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር) የዘይት ምደባ ሲ3 ዘይት እስከ 0.8 በመቶ፣ ሲ4 ደግሞ እስከ 0.5 በመቶ አመድ ይፈቀድለታል፤ የሞተሩ መመሪያ ከሚለው ውጭ ግን አይመረጥም።

ውስጡን አውጥቶ ባዶ ቆርቆሮ ማድረግን የሚመክሩ አሉ። ግፊቱ መውረዱ እውነት ነው፤ ጥላሸቱ ግን ወደ ሰው ሳንባ ይሄዳል፤ በብዙ አገር ሕግም ክልክል ነው።

አጭር መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህን ማጣሪያ አልመክርም። ጭሱ ሳይሞቅ ሞተሩ ከጠፋ፣ ሰፊው መግቢያ የሚጠቅመው ለመሙላት ጥቂት ጊዜ ለመጨመር ብቻ ነው። ለሚገዛው ግን፦ ወደ ግፊት መለኪያው የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ከማጣሪያው ጋር አብረው ይለወጡ። የተሰነጠቀ ቱቦ ግፊቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ የማጣሪያውን መሙላት ይደብቃል፤ ከእቃው ጋር በሳጥኑ ውስጥም አይመጡም።