የግቢ ድልድይ ለምታሠሩ፦ አይ ቢም ወይስ ኮንክሪት?

ሰሞኑን አራተኛው ጓደኛዬ ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። "በሬ ላይ ያለው ቦይ ላይ ድልድይ ላሠራ ነው፣ በብረት ይሻላል በኮንክሪት?" መሐንዲስ አይደለሁም። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግንፍሌ በሚወርድ ቦይ ዳር የምኖርና አንዲት የ6 ሜትር ድልድይ ሁለቴ ከፍዬ ያሠራሁ ሰው ነኝ። ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ኪስ ነው።

መልሴ ብረት ነው፣ ማለትም አይ ቢም፣ ከጫፉ ሲታይ የእንግሊዝኛ I የሚመስል ተሸካሚ ብረት። ግን አዲስ ብረት፣ ላዩ ላይ የኮንክሪት ሶሌታ (ጠፍጣፋ ወለል) የፈሰሰበት።

ብር አልጠቅስም፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። ኪሎ ግን አይቀየርም። አይፒኢ በሚባለው ልክ ባለ 200 አይ ቢም በሜትር 22.4 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 300ው ደግሞ 42.2። ቁጥሩ በሚሊሜትር ቁመቱ ነው። ሁለት ባለ 200 ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በሜትር የ44.8 ኪሎ ትከፍላላችሁ፣ ማለትም ከአንዱ ባለ 300 የበለጠ። ላለመጉበጥ ባለው ጉልበት ግን ባለ 300ው ብቻውን የሁለቱን ድምር ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሻጭ "ሁለት ደርበህ ውሰድ" ሲላችሁ ገንዘባችሁን እየደረበ ነው። ቁመት ግዙ። ቁመቱ ወደ ታች ወርዶ የክረምቱ ጎርፍ የሚያመጣውን ግንድና ፌስታል እንዳይዝ ብቻ ብረቱ የሚያርፍበትን የዳርና ዳር ግንብ ከፍ አድርጉት።

እኔ የተበላሁት በአሮጌ ብረት ነው። ሻጩ በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ሸጠልኝ። ረክሶ ታየኝ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ "ሙሉ 6 ሜትር ነው ወንድሜ" አለኝ፣ አመንኩት። ቪትዝ ብቻ ነው የሚያልፍበት ብዬም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ሽንት ቤቱ ሞላና የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ መጣ። ቦቴው ወጣ፣ ድልድዩ ግን መሃሉ ላይ ጎበጠ። በያጁን ጠራሁት። የታችኛውን ክንፍ (የብረቱን የታች ጠፍጣፋ ክፍል) በግራይንደር ሲፍቀው ሳቀ፦ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቅጥል ነው።" ሁለት ቁራጭ በይደው፣ ልጠውና ቀብተው ነው የሸጡልኝ። ያውም ቅጥሉ ልክ መሃል ላይ! ተሸካሚ ብረት ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው እዚያ ነው፣ የታችኛው ፊቱ እየተለጠጠ።

ታዲያ ለምን አሁንም ብረት እላለሁ? ስለተጠገነ ነው። ያኔ ላዩ ላሜራ ነበር። በክሪክ አነሳነው፣ ቢሞቹን አወጣን፣ አዲስ አስገባን፣ በሁለት ቀን አለቀ። የጎረቤቴ የእትዬ ድልድይ ኮንክሪት ነው። ከላይ ሲታይ ሰርግ ቤት ይመስላል። ከሥር ግን ቢሙ በደንብ ስላልተጠቀጠቀ ጠጠሩ ተለይቶ ቀርቷል፣ ፌሮው ዝጎ ሽፋኑን እየገፋ ይጥላል። ያንን ለመጠገን መስበር ነው፣ ሲሰበር ደግሞ ከሥር በአጠና መደገፍ፣ ከዚያ እንደገና ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማስያዣ)። እሳቸው ሁለት ዓመት "ዘንድሮ አሠራዋለሁ" ሲሉ እሰማለሁ።

ኮንክሪት መጥፎ ነው አላልኩም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ከላይ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር የቆመው በኮንክሪት ነው። እዚያ ግን ጥንካሬውን ለመፈተን ናሙና እየወሰዱ የሚሰብሩ ሰዎች አሉ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ "ትንሽ ይፍሰስለት" ብሎ ውሃ የሚጨምር ልጅ ነው ያለው። ካሳፎርማው የሚቆመው ቦዩ ውስጥ ስለሆነ ክረምት ላይ አይሞከርም። ሙሉ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፣ እስከዚያ መኪናችሁ ውጭ ያድራል፣ ለጠባቂ ትከፍላላችሁ። ይህን ማንም ሂሳብ ውስጥ አያስገባውም።

እንቢ፣ ኮንክሪት ካላችሁ ፌሮውን መዝኑት። ባለ 12 ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመቱ 10.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ሚዛኑ 9 ካለ የገዛችሁት ባለ 12 ተብሎ የተሸጠ ቀጭን ነው። ስታፋውንም (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት ብረት) ቢሙ ግንቡ ላይ ወደሚያርፍበት ጫፍ ሲጠጋ እንዲያቀራርቡት ቁማችሁ እዩ። የመቁረጥ ኃይሉ የሚበረታው እዚያ ነው፣ ሠራተኛ ግን ሲቸኩል መጀመሪያ የሚያሳሳው ስታፋ ነው።

በሁለቱም ምርጫ ግንቡ ላይ አትቆጥቡ። ጎርፍ ከመሠረቱ ሥር አፈሩን ከበላው ላዩ ወርቅም ቢሆን ይወድቃል።

ለብረቱ አንቲረስት ሁለት እጅ፣ የታችኛው ክንፍ ላይ ሦስት። ከክረምት በኋላ መስከረም ላይ ጎንበስ ብሎ ማየት፣ የዛገውን ፍቆ መቀባት። ሲገዙ ደግሞ ሚዛን ላይ ይውጣ። ሻጩ ሚዛን የለኝም ካለ ቆራሌው ጋ አለ።

የእጅ መደገፊያውን ግን ከብረት እንዳታደርጉት። የኔ በሁለት ክረምት ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ተሰርቋል፣ አሁን በብሎኬት ገንብቼዋለሁ።