የአላርሙን ሳጥን ሳታስከፍቱ ቀሪ ሂሳብ እንዳትከፍሉ

ለሱቄ የሌባ አላርም አስገጥሜ ነበር። ሰዎቹ በአንድ ቀን ሠርተው ጨረሱ። ሳይረኑን አስጮሁልኝ፣ ኪፓዱ ላይ ኮዴን አስገባሁ፣ ደስ ብሎኝ ሙሉውን ከፈልኩ። የፓኔሉን፣ ማለትም ሁሉም ሽቦ የሚገባበትን ዋናውን መቆጣጠሪያ፣ ሳጥን ግን ከፍተው አላሳዩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል መብራት ጠፋ። አላርሙን ላበራ ወደ ኪፓዱ ሄድኩ። ድርግም ብሎ ጠፍቷል። «መብራት ቢጠፋም ባትሪው ለሰዓታት ይይዛል» ተብዬ ነበር። በማግስቱ ሰፈራችን ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ልጅ ጠርቼ ሳጥኑን አስከፈትኩት። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጡ ተቀምጧል። ቀዩ ሽቦ ግን ጭራሽ አልተሰካም።

ልጁን ያስደነገጠው ግን ባትሪው አይደለም፤ ሬዚስተሮቹ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱት ትንንሽ ዕቃዎች፣ ናቸው። እባካችሁ ይህቺን በደንብ አንብቧት። ፓኔሉ ወደ ሴንሰሮቹ (የበር መከፈትን ወደሚያውቁት ጠቋሚዎች) በሚሄደው በእያንዳንዱ የሽቦ መስመር ላይ ያለውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰቱ ምን ያህል እንደሚገታ፣ ሁልጊዜ ይለካል። ሬዚስተሩ መግባት ያለበት ከመስመሩ መጨረሻ፣ ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ያኔ ሌባ ሽቦውን ቢቆርጠው ፓኔሉ ያውቃል። ሁለቱን ሽቦዎች ልጦ ቢያገናኛቸውም ልኬቱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ያውቃል። የእኔዎቹ ሬዚስተሮች ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ፣ ተርሚናሉ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ) ላይ ተደርድረዋል። ለገጣሚው ይቀለዋል፤ ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር መውጣት የለበትማ። ልጁ ወደ በሩ የሚሄደውን ሽቦ ልጦ አገናኘው። አላርሙን አብርተን በሩን ከፈትን። ዝም! ቀን ደንበኛ መስሎ የገባ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢሄድ፣ ማታ ፓኔሉ በሩን ዝግ ነው ብሎ ያድራል።

ታምፐር የሚባለው መስመርም፣ ማለትም የሴንሰር ክዳን ሲከፈት የሚያስጮኸው፣ ፓኔሉ ላይ በቁራጭ ሽቦ ተዘግቷል። የውጪው ሳይረን የራሱ ባትሪ ያለው ነው ተብሎ በውድ የተሸጠልኝ ነው። እንዲህ ያለው ሳይረን ከፓኔሉ የማያቋርጥ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ሽቦው ሲቆረጥ በራሱ ባትሪ የሚጮኸው ያ ስለተቋረጠበት ነው። እነሱ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ የማስጮኺያውን፣ ወስደውለታል። ስለዚህ ሽቦው ከተቆረጠ አይጮህም።

የውጪ መብራት አብሮ እንዲበራም ጠይቄ ነበር። 10 ዋት የ12 ቮልት ኤልኢዲ ከፓኔሉ ፒጂኤም ውፅዓት (ፓኔሉ ሌላ ዕቃ የሚያዝበት ትንሽ መውጫ) ላይ በቀጥታ አሠሩት። እንዲህ ያለው ውፅዓት በአብዛኛው ከ100 ሚሊአምፔር ብዙ አይሸከምም፤ መብራቱ ደግሞ 800 ገደማ ይስባል። መሃል ላይ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) መግባት ነበረበት። ውፅዓቱ ተቃጠለ። ስደውል «የመብራት ኃይል ችግር ነው፣ ዋስትናው አይሸፍነውም፣ አዲስ ፓኔል ግዛ» አሉኝ። የገጣሚውን ኮድ ስጡኝ ስላቸውም እምቢ አሉ። ያለሱ ሌላ ባለሙያ ሴቲንጉን መንካት አይችልም።

እናንተ ከክፍያው ከፊሉን ሥራው እስኪፈተሽ አትክፈሉ። ገጣሚዎቹ ሳጥኑን ይክፈቱላችሁ። ትራንስፎርመሩ ጋ 220 ቮልት ስላለ እጃችሁን አታስገቡ፣ እነሱ ይሥሩት። ከሶኬት ይንቀሉትና አላርሙ በባትሪ ብቻ ሲጮህ ስሙ። አንዱን ሴንሰር ይክፈቱና ሬዚስተሩን በዓይናችሁ እዩ። የዚያን መስመር ሽቦ ያገናኙት፤ ፓኔሉ ካልጮኸ ወይም ስህተት ካላሳየ አልተሠራም ማለት ነው። የውጪውን ሳይረን ሽቦ ይንቀሉት፣ መጮህ አለበት። የገጣሚውን ኮድ በወረቀት ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይም የተገጠመው ዕቃ ሁሉ በየስሙ ይጻፍ።

የእኔ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። ሬዚስተሮቹን ወደየሴንሰሮቹ ያዛወረልኝ ያው የሰፈሬ ልጅ ነው። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።