የአያቶቻችሁን ቤት ለማሳደስ ላሰባችሁ፦ ተጠንቀቁ!

የድሮ ቤት እናድሳለን ከሚሉ ኮንትራክተሮች ጋር ልትፈራረሙ ያላችሁ፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ሆለታ አካባቢ ያለው የአያታችን ቤት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራ ነው። ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ። በረንዳውን የያዙት አናታቸው የተጠረበ የጥድ ቋሚዎች ነበሩ። የፈለግነው ብዙ አልነበረም፤ አሮጌው ቤት እንዳለ ይጠገን፣ ከኋላው ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤትና ልጆች የሚያድሩባቸው ክፍሎች ይቀጠሉለት።

የቀጠርነውን ኮንትራክተር ዓይነት ሰው ታውቁታላችሁ። ስልኩን አውጥቶ የሎጅ ፎቶ ያሳያል፣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ «ይሄማ ቅርስ ነው፣ አይነካም» ይላል። ቅድሚያ ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ ሲሚንቶ ጨመረ፣ ብረት ጠፋ ይመጣል።

ቅዳሜ ዕለት እናቴን ይዤ ሳልደውል ሄድኩ። ግቢው በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ቀና ስል በረንዳው የለም! ቋሚዎቹ ከነተጠረበው አናታቸው፣ የፎቁ ወለል ጣውላም ጭምር፣ መኪናው ላይ ተጭነው ሸራ እየለበሱ ነው። በቦታቸው ቅርፊቱ እንኳ ያልተላጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። እናቴ ፎርማኑን «ልጄ፣ የት ልትወስዱት ነው?» አለችው። ማስቲካውን እያኘከ «ማዘር፣ ይሄ እኮ የተበላ እንጨት ነው፣ ማገዶ ነው» አላት። አንዱን በቁልፌ ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡ ቀይ ነው፣ የጥዱ ሽታ አፍንጫ ይሞላል፣ አንድ የምስጥ ቀዳዳ የለበትም። ማገዶ ከሆነስ ሸራ ምን ያደርግለታል? ኮንትራክተሩ ጋ ደወልኩ። «አዲስ እየሠራንላችሁ ለአሮጌ እንጨት ትጨቃጨቃላችሁ እንዴ?» ብሎ ዘጋብኝ። መልሼ ስደውል ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። እናቴ መኪናው ፊት ቆማ ነበር። ፎርማኑ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «ማዘር፣ ዞር በይ» አላት። እሷን በክንዷ ይዤ ወደ ዳር ሳወጣ ሠራተኞቹ ይስቁ ነበር። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። አባቷ ያቆመውን ቤት ነው እየጫኑ የወሰዱባት።

የአበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች ለቋሚና ለወለል የመረጡት። ዛሬ እንዲያ ያለ የደረቀ ጥድ በገንዘብም አይገኝም። ያልደረቀና መድኃኒት ያልነካው ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስጥም ቶሎ ይገባበታል።

ሌላውን ጉድ ያየሁት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነውታል! ጭቃ እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ነው የሚኖረው፤ በሲሚንቶ ሲታፈን ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ልስኑም ይላቀቃል። የእኛው ከአሁኑ ተሰንጥቋል። በጭድ የቦካ ጭቃ ከላዩም ኖራ ነበር የሚገባው። የአዲሱን ክፍል መሠረት ደግሞ ከአሮጌው መሠረት ሥር አሳልፈው ቆፍረዋል፤ ያውም ክረምት በሚያብጥ፣ በጋ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ። የአዲሱን ክፍል ኮለንም (ምሰሶውን) ከድሮው ግድግዳ ጋር በኮንክሪት አጣብቀውታል። አዲሱ ሲሰምጥ አሮጌውን ይዞት ይወርዳል።

ውል ስትፈርሙ፣ ከቤቱ የሚነሳ እንጨት፣ በርና ድንጋይ ሁሉ የባለቤቱ እንደሆነ አስጽፉ። ልስኑ በምን እንደሚሠራም የዕቃው ስም ተጠርቶ ይጻፍ። ሥራው ሳይጀመር እያንዳንዱን ቋሚ ፎቶ አንሱ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሠሪው ለሥራው 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ እኛም ጠበቃ ይዘናል።

አሮጌ የጥድ ቋሚ፣ አናቱ በእጅ የተጠረበ፣ «ለሎጅ ይሆናል» ተብሎ የሚቀርብላችሁ ካለ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጻፉልኝ። ፎቶው በእጃችን አለ፣ እናመሳክረዋለን።