የሰርጋችንን ፎቶ ላነሳልን ልጅ፦ ከድሬ የተጻፈ ምስጋናና ጥቆማ

አልበሙ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰን። ሴት አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላበጡት። ከዚያ ወደ መሃል ተመለሱና አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። "ይሄን ደግሞ መቼ አነሳኝ?" አሉ። እኔም አላውቅም ነበር።

ፎቶው ላይ አያቴ ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ሚዜዎቹን አናስገባም እያለ ይጨፍራል። እሳቸው ብቻቸውን የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፏል። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲጋፋ ያ ልጅ ጓዳ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው ለእሱ ነው። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለኝ "ፎቶ አንሺያችን" እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ለምን ፈርቼ እንደነበር ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ስታገባ ፎቶ ያነሳት ሰው ዛሬ ነገ እያለ ሰባት ወር አመላለሳት። መጨረሻ ላይ ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ አላት። ከዚያ ሁሉ ድግስ የቀራት እንግዶች በስልክ ያነሱት ብቻ ነው፤ ግማሹ ጭንቅላት የሌለው። ስለዚህ እኔ ይሄን ልጅ ሳገኘው የድሮ ሥራዎቹን እንኳ ሳላይ "ፎቶው ቢጠፋስ?" ብዬ ነው የጀመርኩት። አልተቀየመም። ካሜራውን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይይዛል፤ አንድ ፎቶ ሲነሳ ሁለቱም ላይ ይቀመጣል። ማታ ደግሞ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለብጠዋል። አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ ረዳቱ ቤት ያድራል። አልበሙን እስክንረከብ ድረስ ካርዶቹን አያጠፋቸውም። ሌላ ፎቶ አንሺ የምታናግሩም ከሆነ ይሄን ጠይቁት። ከተንተባተበ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ተሰናበቱ።

ውሉ ሁለት ገጽ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምን ያህል ፎቶ እንደሚሰጠን፣ አልበሙ በስንት ቀን እንደሚደርስ ተጽፏል። ፎቶዎቻችንን የራሱ ገጽ ላይ እንዲለጥፍ ፈቃዳችንን የሚጠይቅ መስመርም አለው። ባለቤቴ አይሆንም ብሎ ፈረመ፤ አንድም አልለጠፈም። ክፍያው በሦስት ነው፦ ሲሶው ቀብድ፣ ሲሶው በሰርጉ ማግስት፣ የቀረው አልበሙን ስንረከብ። ርካሽ አይደለም። ካናገርናቸው አራት ሰዎች ሁለተኛው ውድ እሱ ነበር።

ከሰርጉ ሳምንት በፊት ቤት መጥቶ እናቴን ቁጭ ብሎ ጠየቃት። ማን የማን አክስት ነው? ከማን ጋር ማን አይነጋገርም? (ይሄኛው ጥያቄ ስንት ጠብ እንዳዳነን!) በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቢኖሩ ኖሮ የምትሏቸው ሰዎች አሉ?" አለ። እናቴ አባቷን አነሳች። ወንድ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ነው የሠሩት። እሱም ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ለምን እንደጻፈው ያኔ አልገባንም።

ሰርጋችን ሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ግንቦት እንዳይገባብን እናቴ የሆነችውን ነገር ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። የድሬን የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የኛ ሐሳብ እንደ ሰው ሁሉ ከቤተክርስቲያን ወጥተን በቀትር መናፈሻ መሄድ ነበር። እሱ እንቢ አለ። "በስድስት ሰዓት ፀሐይዋ አናታችሁ ላይ ናት። ዓይናችሁ ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ሜካፑም ይወርዳል፣ እንግዳውም ይራባል" አለን። ስለዚህ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ሃያ ደቂቃ ብቻ ተነሳን። የቀረውን ለ11 ሰዓት ተኩል አቆየው።

በ11 ሰዓት ተኩል የወሰደን አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ድሬ እኮ ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልተመቸው ከተማዋ እዚሁ ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። አያቴን በባጃጅ አስመጥቷቸው ቆየን። ባላቸው በየጠዋቱ ይገቡበት በነበረው በር አጠገብ እኔን በቬሎ፣ እሳቸውን በነጠላ አቆመን። የማታው ፀሐይ ፊታቸውን ወርቅ አስመሰለው። ምንም አልተናገሩም፤ እጄን ብቻ ጠበቅ አድርገው ያዙ። እናቴ የዚያን ጊዜ ነው ማስታወሻው የገባት።

የቤተክርስቲያኑንም ሳልናገር አላልፍም። ተክሊል ላይ ካህናቱ ፊት ተገትረው ለሕዝቡ ጀርባቸውን የሚሰጡ ካሜራ ያዦች አይታችኋል አይደል? እሱ ቀደም ብሎ አስተዳዳሪውን አባ የት ልቁም ብሎ ጠይቋል። ነጠላ አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ጥግ ላይ ቆመ። ፍላሽ አላበራም። ነፍስ አባቴ በኋላ "ፎቶ አንሺ አልቀጠራችሁም እንዴ?" አሉን።

ቅልቅሉ ሐረር ነበር፣ ባለቤቴ ቤት። የደንገጎን ዳገት አብሮን ወጣ። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ግን ቀትርም ግድ የለም አለ። መንገዱ ጠባብ ግንቡም ረጅም ስለሆነ ጥላ አይጠፋም። ፀሐይዋ አንዱን ግድግዳ ስትመታ ለወዲያኛው ለስላሳ ብርሃን ትመልሳለች። ከአረንጓዴው ግድግዳ ግን ጎትቶ አራቀን። ቀለሙ ፊት ላይ ያርፋል ብሎ ነው፤ በስልኬ ሞክሬ አየሁት፣ እውነትም አረንጓዴ ሆኛለሁ። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስንደርስ የሐበሻ ቀሚሴ ጠርዝ ተተረተረ። አንድ ልብስ ሰፊ ጠርተውኝ እዚያው ቆሜ ሰፉልኝ፤ ገንዘብም አልቀበል አሉ። እሱ አስፈቅዷቸው አነሳን። ከአልበሙ የባለቤቴ ምርጥ ያቺ ናት።

ሌላም የወደድኩለት ነገር አለ። ፊቴን አላነጣውም። ብጉሬን አጠፋልኝ፣ መልኬን ግን አልነካም። የጓደኞቼን አልበም ሳይ ከሙሽራዋ ይልቅ ዱቄት የተነፋባት ሌላ ሴት ነው የማየው።

ጉድለት የለውም አልልም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የቤተዘመድ ፎቶ ላይ ማንም አልሰማው ብሎ ሚዜዬ ናት ጮኻ ያሰለፈችን። አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛው እየዞረ እንግዳ ማንሳትም ብዙ አይሆንለትም፤ የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ተቀይመዋል። አልበሙም ከውሉ አምስት ቀን ዘግይቷል። ግን ቀኑ ሳይደርስ ራሱ ደውሎ ነገረን። የባለቤቴ ወንድም ድሮን ካልመጣ ብሎ ሲያስቸግርም ያለ ፈቃድ አላበርም ብሎ ቁርጡን ነገረው። ይሄን እንኳ ከጉድለት አልቆጥረውም።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ለጥር የምታስቡ ቶሎ በሉ። ስትቀጥሩት ደግሞ ምሳውን አስቡለት። የኛ ሰርግ ላይ ሁላችንም ረስተነው እስከ 9 ሰዓት ጾሙን ዋለ። ያዩት አያቴ ናቸው፤ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡና አጎረሱት። አልበሙን አይተው ሲጨርሱም "ያ ልጅ ያን ቀን በቅጡ አልበላም፣ እሁድ ይዘሽልኝ ነይ" ብለውኛል።